መድረኩ በሐይቁ በኩል ነበር

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ገረሴ

ጭጋጉ የሚኒባሱን መብራት ውጦታል። እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጫለሁ፤ መኪና ቢገለበጥ በየት እንደሚወጣ ቀድሜ አያለሁ። ጭኔ ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ አንድ ጠርሙስ ቅቤና የዝናብ ልብስ አለ። ወደ ቆላው ከተማ የምሄደው ልጄን ብርቱካንን ይዤ ልመለስ ነው። ብርቱካን ጊታር ትጫወታለች፤ ያን ወፍራም ድምፅ ያለውን፣ ቤዝ የሚሉትን። ነገ እሑድ ጠዋት ከባንዷ ልጆች ጋር ወደ ሐዋሳ፣ ከዚያም ከከተማ ከተማ ልትዞር ነው፤ ለስንት ወር እንደሆነ እሷም አታውቅም። የሚጫወቱት ሮክ ነው። ልሂድ ወይ ብላ ደውላ እምቢ ብያታለሁ። በስልክ የተባለ እምቢታ ግን ይቆራረጣል፤ ስለዚህ በአካል ይዤላት እየወረድኩ ነው።

ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝ።

«እናቴ፣ ያን እጀታ ለቀቅ ያርጉት እንጂ፤ ተነቅሎ በእጅዎ ይቀራል።»

«አንተ መንገዱን እይ።»

«መንገዱንማ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።»

«እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው» አልኩት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን የምሬን ነበር።

ሦስት ሰዓት፣ ቆላ

ገብሱና እንሰቱ ከላይ ቀርተዋል። በቆሎ፣ ሽፈራው፣ ከዚያ ማንጎ ብቻ። ሹራቤን አወለቅሁ፣ ነጠላዬን አወለቅሁ፤ ከዚህ በላይ የማወልቀው የለም። ሴቶች በመንገዱ ዳር ማንጎ በሳህን ደርድረው መኪና በቆመ ቁጥር ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። ፍየል፣ ሞተር ሳይክል፣ ሙዝ የጫነ ጋሪ፤ ሾፌሩ ለሁሉም ጥሩምባ እያሰማ ያልፋል።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር

ብርቱካን የተከራየችው ከሙዝ ማሳዎቹ አጠገብ ነው። የቤቱ ባለቤት ጎመን እየቀነጠሰች አገኘኋት።

«የብርቱካን እናት! ጌታ ይመስገን። ልጅሽ ከጠዋት ጀምሮ ስታዲየም ናት።»

«ስታዲየሙ ፈርሷል አይደል እንዴ?»

«ፈርሷል። ስለፈረሰ እኮ ነው የሄዱት።»

ነገሩን አስረዳችኝ። ድሮ እዚያ ስታዲየም ውስጥ ሮክ ይጫወቱ የነበሩ ሰዎች ሸብተዋል። ቦታው ላይ ሌላ ነገር ሳይሠራ፣ ከወጣቶቹ ጋር ሆነው፣ መድረኩ በነበረበት ቦታ ቆመው ለመታሰቢያ አንድ ቀን ሊጫወቱ ነው።

በሙዝ ማሳው ማቋረጥ ይሻላል አለችኝ። የመስኖ ውሃ የተለቀቀበት ሰዓት መሆኑን ግን አልነገረችኝም። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ገባሁ። ስወጣ ከቦዩ ዳር አንድ እፍኝ እርጥብ ሣር ነጭቼ ጫማዬን እየጠረግሁ መንገዴን ቀጠልኩ።

ሰባት ሰዓት፣ ሜዳው

ቀይ አፈር ብቻ፤ በአንድ በኩል ተራራው፣ በሌላው ሐይቁ። ከግንቡ የቀረው አንድ ፍየል የምትቆምበት ያህል ነው፤ ፍየሏም ቆማበታለች። ጄነሬተር፣ ድምፅ ማጉያ፣ በየቦታው የተዘረጋ ሽቦ። ሽቦውን እንዳልረግጥ ዙሪያውን ሄድኩ። ብርቱካን ጊታሯን አንግታ ቆማለች፤ ገና አላየችኝም፤ ሁሉም ሁለት ሽማግሌዎችን ይመለከታል። አንዱ ጋሽ ዘለቀ ይባላል፤ ድሮ ድራም መቺ፣ ዛሬ ጡረተኛ መምህር። ሌላው ጋሽ ማሞ ጊታር ይጫወት ነበር፤ አሁን መለዋወጫ ይሸጣል።

«መድረኩ በተራራው በኩል ነበር!» ይላል ጋሽ ዘለቀ።

«በሐይቁ በኩል ነው! አንተ ያኔም ከበሮህ እንጂ ሌላ አይታይህም ነበር።»

«አንተ ደግሞ ያኔም ጊታርህን ሳትቃኝ ነበር የምትወጣው!»

ይህኛው ቀልድ አልነበረም። ጋሽ ማሞ ጊታሩን ከሽቦው ነቅሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ዞረ፤ ወጣቶቹም ለሁለት ተከፍለው መጯጯህ ጀመሩ። እኔ ልጄን ልጠራ በመሐላቸው ገባሁ። በድንገት ጋሽ ማሞ ቆመ። ጋሽ ዘለቀ ባርኔጣውን አወለቀ። ሁሉም የሚያዩት እጄን ነው።

ሣሩን ረስቼዋለሁ። በእኛ በጋሞ እርጥብ ሣር ይዞ ጠበኞች መሐል የገባ ሰው ለእርቅ የመጣ ነው። እሱን ጥሶ ማለፍ የለም፤ እሱም ፊታቸው ቆሞ አይዋሽም።

«እሺ እናቴ» አለ ጋሽ ማሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ይናገሩ።»

ጫማዬን ልጠርግበት ነው ብል ማን ያምነኛል? ልጄን ስጡኝ እንዳልል ደግሞ ሣር ለራስ ጉዳይ አይያዝም። የማውቀውን ተናገርኩ።

«መድረኩ በሐይቁ በኩል ነበር። ድራም የሚመታው ሰው ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስታዘቀዝቅ ፊት ለፊት ዓይኑን ወጋችው፤ የሰሌን ባርኔጣ አምጥተው ደፉለት። ሸንኮራ እያኘከ ምጣጩን ከበሮው ሥር ይተፋ ነበር።»

ጋሽ ዘለቀ በእጁ የያዘውን ባርኔጣ አየ። «ባርኔጣው! ውይ፣ እውነቷን ነው!» ከዚያ ትኩር ብሎ አየኝ። «ሸንኮራውን የሸጥሽልኝ አንቺ ነሽ?»

«እማ!» አለች ብርቱካን። «አንቺ ኮንሰርት ገብተሻል?»

«ሸንኮራ ልሸጥ ነው የገባሁት።»

«ስንት ሸጥሽ?»

«ለእሱ ብቻ» አልኩ። ሳቁ እስከ መንገዱ ድረስ ተሰማ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቀፉ፤ ጄነሬተሩን ወደ ሐይቁ በኩል አዞሩት።

አሥር ሰዓት

ተጫወቱ። የመጀመሪያው ድምፅ ደረቴ ውስጥ ገባ፣ ልክ እንደ ድሮው። ያኔ ከሩቁ ካምባ ሳይቀር በጭነት መኪና ላይ የመጣ ሰው ነበር፤ ትኬት ያጣው ዛፍ ላይ ወጥቶ ያያል። እኔ ሸንኮራዬን ታቅፌ እስኪያልቅ ቆምኩ። ለእናቴ ገበያው ቀዝቅዞ ነው ያመሸሁት አልኳት። ይህን ሁሉ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም።

ብርቱካን ላቧን እየጠረገች መጣች። «እማ፣ ነገ ልሂድ?»

እኔ ሳልጠይቅ አምሽቼ እናቴን ዋሽቻለሁ። እሷ ደጋግማ ትጠይቀኛለች።

«መጀመሪያ ቆጮውን ብዪ» አልኳት። ከዚያ እያየኋት፣ «በእርጥብ እጅ ሽቦ እንዳትነኪ። በዝናብ እንዳትጫወቱ። በሄድሽበት ሁሉ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት ፈልጊ።»

«እሺ ማለትሽ ነው?»

«ሌላ ምን ልበልሽ?»

እሑድ፣ መናኸሪያና ገረሴ

ጠዋት የሐዋሳው አውቶቡስ ጎማ አንድ በአንድ አየሁ። ሾፌሩ «እናቴ፣ መንጃ ፈቃዴንም ላሳይዎት?» አለኝ። አሳየኝ አልኩት፤ አሳየኝ። ጊታሯን ልሸከምላት ብዬ ማንጠልጠያውን ስይዝ ብርቱካን ቀስ አድርጋ ከእጄ ወሰደችው። አውቶቡሱ ሲታጠፍ እጄን ማውለብለብ ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

ገረሴ ስደርስ ጭጋጉ ወርዷል። ባለቤቴ መንገድ ዳር ቆሞ ከኋላዬ የሚወርድ ሰው ፈለገ።

«የታለች?»

«ሄደች። እኔው ነኝ የሸኘኋት።»

ባዶውን የቅቤ ጠርሙስ ከእጄ ተቀብሎ ጥቂት ከተራመድን በኋላ፣ «ያ ጊታር ከባድ ነው ይባላል» አለ። «ማን ተሸከመላት?»

«ራሷ።»