ቦራ የጠፋበት ምዕራፍ

ሰዓዲያ ክፉ ነገር መጻፍ አይሆንላትም። ዓረብ አገር፣ መላዝ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ነን፤ እሷ ሁለተኛ ፎቅ፣ እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ በየማዳሞቻችን ቤት እንሠራለን። ጣሪያው ላይ ልብስ ስናሰጣ የጻፈችውን ታነብልኛለች። ወሎ ለቀረችው ልጇ ለሰሚሃ ልብ ወለድ መጻፍ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት፤ አሚር ስለሚባል ልጅና ቦራ ስለሚባል ፈረሱ። አንድ ምዕራፍ በጨረሰች ቁጥር ደብተሩን ፎቶ አንስታ በኢሞ ትልክላታለች።

እውነቱን ልናገርና መጽሐፉ ደስ ይላል፤ ግን ምንም አይሆንበትም። በአንደኛው ምዕራፍ ዝናብ ይዘንባል። በሁለተኛው ሣር ይበቅላል። በሦስተኛው ቦራ ሣሩን ይበላል። አሥራ አንድ ምዕራፍ ሙሉ አሚር እንኳን ከፈረስ ሊወድቅ አንዴም አላነጠሰው።

ባለፈው ሐሙስ ሰሚሃ ደወለች። ስድስተኛ ክፍል ናት። የአማርኛ መምህሯ አያሌው፣ ተማሪዎቹ አንዳንድ ልብ ወለድ መርጠው አላባውያኑን ክፍል ፊት ቆመው እንዲያስረዱ አዘዋል። እሷ የእናቷን መርጣለች።

«እማ፣ ገጸ ባሕሪውን አገኘሁ፣ መቼቱንም አገኘሁ። ግጭቱ የት አለ? መምህር አያሌው ግጭት ከሌለው ልብ ወለድ አይባልም፣ እስከ ሰኞ ካላገኘሽ ሌላ መጽሐፍ ያዢ አሉኝ።»

የሰዓዲያ ፊት ጠቆረ። ያ ሁሉ ድካም በልጇ ክፍል ፊት መጽሐፍ ሳይባል ሊቀር ነው።

«ፈረሱን ግደይውና ኸላስ» አልኳት።

«አዑዙ ቢላህ! ለልጄ ሞት ልላክላት?»

«እሺ፣ ከጅብ ጋር ይጣላ።»

«ፈሪዳ፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም።»

ተናደድኩ። ይቺ ሴት እንዲህ ናት፤ ክፉ ወሬ ወደ አገር ቤት አታሳልፍም። ዓምና በትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ሹመይሲ ሆስፒታል ስምንት ቀን ስትተኛ እንኳ፣ ሰሚሃን «ስልኬ ተበላሽቶ ነው» ብላ ሸንግላታለች።

«እንግዲያስ ያንን ጻፊላት!» አልኳት። የምሬን አልነበረም።

እሷ ግን የምሯን ወሰደችው። ዓርብ ከሰዓት ቁጭ ብላ ጻፈች። ቦራ ጠፋ። አሚር ወንዝ ዳር ቆሞ ስሙን እየጠራ ስምንት ቀን ጠበቀው። በስምንተኛው ቀን ቦራ ሆዱ ላይ ቁስል ይዞ፣ ቀስ እያለ መጣ። አሚር አንገቱን አቅፎ «የት ነበርክ?» አለው፤ ፈረስ ግን አይናገርም። ስታነብልኝ አለቀስኩ። እኔ ደግሞ በመጽሐፍ የማለቅስ ሰው አይደለሁም።

ሰኞ ሰሚሃ እየጮኸች ደወለች። «እማ፣ ተጨበጨበልኝ! ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ ተባለ!» ሰዓዲያ እርጥብ አንሶላ እንደታቀፈች ዘለለች። እኔ እልልታውን ሳቀልጠው ጎረቤቶቹ ሠርግ ያለ መስሏቸው በመስኮት ብቅ አሉ።

ሁሉም ረጋ ሲል ሰሚሃ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እማ፣ ያኔ ስልክሽ የተበላሸው ስምንት ቀን ነበር አይደል?»

ሰዓዲያ ወደ እኔ አየች። እኔ አንሶላውን ማስተካከል ጀመርኩ።

«አዎ ልጄ።»

«የቦራ ቁስል ዳነ?»

«ድኗል፤ ወላሂ ድኗል!» አለች፤ ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ።

«እንግዲያው» አለች ሰሚሃ፣ «ከዚህ በኋላ ፈረሱ ይናገር።»