የታመነ የቁም ተዝካር

የታመነ ሚስት በሰለች በተቀበረች ዕለት ወንዶች ልጆቿ ሬሳዋ አጠገብ ቆመው ተጣሉ። ካህናቱ ለፍትሐቱ በግ ይጠብቃሉ። ታላቁ ኪዳነ ማርያም፣ «የእናታችንን ማሳ የሚያርሰው ገብረአብ ነው፤ እሱ ያምጣ» አለ። ታናሹ ገብረአብ፣ «በቅሎዋንስ የወሰደው ማን ሆነና?» ሲል መለሰ። ለቀስተኛው መሬት መሬቱን አየ። አባታቸው ታመነ የለበሰውን ባና ከትከሻው አውልቆ ለካህናቱ ሰጠና ሚስቱን አስቀበረ።

ታመነ ከደብረ ብርሃን በላይ፣ ነፋስ በማይተኛበት አምባ ገብስ እያረሰ፣ ከበግ ጠጉር ባና እየሠራ የኖረ ሰው ነው። ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ በዞረበት ሰሞን ዓይኑ ፈዞ ሽመናውን ተወ። መሬቱን ልጆቹን ሲድር አካፍሎ ጨርሷል። ለራሱ የቀረው ጥንድ በሬ፣ ጥቂት ባና እና የጓሮ ቁራጭ ነበር። የፈራው ሞትን አይደለም። የፈራው እሱም እንደ ሚስቱ ተጋድሞ ልጆቹ እንዳይከራከሩበት ነው።

ወደ ንስሐ አባቱ ሄደ። «አባቴ፣ በቁሜ ተዝካሬን ላውጣ።»

«እሱ ቀባሪ የሌለው ሰው የሚያደርገው ነው። ልጆች እያሉህ?»

«ስላሉኝ ነው እንጂ።»

ካህኑ ቀኑን ቆረጡለት።

ባናዎቹን ተሸክሞ ወደ አልዩ አምባ ወረደና ከነጋዴው ከዓወል ዘንድ በበርበሬና በጨው ለወጣቸው። ዓወል ነገሩን ሲሰማ፣ «አላህ ዕድሜ ቢሰጥዎስ፣ አባቴ?» አለው።

«ከፋሲካ አላልፍም። ደረቴ ነግሮኛል።»

ሁለቱንም በሬዎች አረደ። ከጎተራው እህል አብዛኛውን አውጥቶ ጠላ አስጠመቀ። ኪዳነ ማርያም ወገቡን አሥሮ ሲያስተናግድ፣ ገብረአብ ሥጋ ሲመትር ዋለ፤ ያን ቀን አልተጣሉም። አንድ ጎረቤት ዋንጫውን ከፍ አድርጎ፣ «ታመነ! ሟችም አንተ፣ ቀባሪም አንተ! ጠላህ ግን የሞተ ሰው ጠላ አይደለም!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ታመነም ሳቀ።

ፋሲካ አለፈ። ታመነ አልሞተም፤ ደረቱም ተሻለው። ጓሮውን የሚያርስበት በሬ ግን የለም። ሐምሌ ላይ ጎተራው ባዶ ሲሆን ወደ ታላቅ ልጁ ሄደ። ኪዳነ ማርያም ደጃፉ ላይ ቆሞ ተቀበለው።

«አባዬ፣ በዚህ ዝናብ ምን ሆነው መጡ?»

«እህል አለቀብኝ።»

«በሬዎቹን ባያርዱ ኖሮ አያልቅም ነበር። እኛ እንቀብርዎት ነበር። ሰው ፊት አዋረዱን፤ ቀባሪ የለኝም ብለው አገር ሰበሰቡ። እንግዲህ በእኛ ላይ ምን ቀረ?»

«መጦር ቀረ፣ ልጄ።»

«እሱን ገብረአብን ይጠይቁት። ጓሮዎ ከእሱ ማሳ ጋር ነው የሚዋሰነው።»

ገብረአብ ዘንድ ሄደ። ገብረአብ፣ «ታላቅ እያለ ታናሽ አይጦርም» አለና አንድ ቁና ገብስ ሰፍሮ ሰደደው። ጓሮውን ግን በዚያው ዓመት ከማሳው ጋር አብሮ አረሰው።

ታመነ ከዚያ ወዲያ ብዙ ክረምት ኖረ። የሚበላው በሰው ተዝካር ነበር። ደወል ሲሰማ ከምንጣፉ ተነሥቶ፣ በትሩን ይዞ፣ ከነዳያኑ ጋር አጥር ሥር ይቀመጣል። አንድ ቀን የአንድ ባለጸጋ ተዝካር ላይ ኪዳነ ማርያምን ከተጋባዦቹ መካከል ተቀምጦ አገኘው። እንጀራ የሚያድለው ሰው ታመነ ፊት ደረሰና፣ «ሽማግሌው፣ የማን ወገን ነህ?» አለው።

ታመነ ልጁን አየ። ልጁ ዋንጫውን አየ።

«ወገን የለኝም» አለና እጁን ዘረጋ።