አበልጄና የሞተሩ ደንብ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ በየበጋው የሞተርሳይክል እሽቅድድም እናደርጋለን። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ ጽሕፈት ሁሉ ወደኔ ይገፋል። ዋናው ነገር አንድ ነበር፦ ሞተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሁን፣ ማንም ውስጡን አይንካ። ያ ደንብ ባይኖር እንደኔ አሮጌ የሚነዳ ሰው ከባለሀብት ጋር ምን አሽቀዳደመው? ሁለት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጥቻለሁ። ዘንድሮ አንደኛ ለመውጣት ቆርጬ ነበር፤ ይህን የነገርኩት ለአበልጄ ብቻ ነው።

አበልጄ መካኒክ ነው። የበኩር ልጁን ክርስትና ካነሣሁለት ወዲህ አንቱ እንባባላለን፤ እዚህ ስጽፍ ግን አንቱታው እምቢ አለኝ። በኛ አገር አበልጅን ሰው ፊት መቃወም ነውር ነው። ቅር ያለህ ነገር ካለ ቤቱ ሄደህ ትነግረዋለህ እንጂ በስብሰባ አፍህን አትከፍትም።

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተሰበሰብን። አንድ አብሮን የሚወዳደር የእህል ነጋዴ የሽልማቱንም የነዳጁንም ወጪ ልቻል ብሏል፤ በምትኩ ሞተሬ ጉልበት እንዲጨምር ሲሊንደር አስፍቶ ትልቅ ፒስተን ማስገባት ይፈቀድልኝ ነው የሚለው። ሐሳቡን ተነሥቶ ያቀረበው አበልጄ ነበር።

«የዓለሙ የመኪና ውድድር እንኳ የሞተር ደንቤን ልለውጥ እያለ ይከራከራል። ገንዘብ የሌለው ስፖርት መሞቱ አይቀርም። እኛ ከነሱ እንበልጣለን እንዴ?» አለና ወደኔ ተመለከተ።

ሳልወድ እጄን ለድጋፍ አወጣሁ። ደንቡን የጻፈው ሰው ከደገፈ ሌላው ምን ይጠብቃል? ሁሉም ተከተለኝ።

በማግስቱ ቅሬታዬን በወጉ ልነግረው ጋራዡ ሄድኩ። የነጋዴው ሞተርሳይክል ተገጣጥሞ ቆሟል። ሲሊንደሩ ሰፍቷል፣ ፒስተኑም ገብቷል። ሲሊንደር የሚያሰፋ ማሽን ደግሞ እኛ ከተማ የለም፤ ሌላ ከተማ ተልኮ ነው የሚሠራ።

«መቼ ተሠራ?» አልኩት።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ወር አልፎታል» አለኝ። ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር። ከወር በፊት እኮ እዚያው ቦታ ላይ የሞተሬን ዘይት ቀይሮ «ዘንድሮ የአንቱ ነው» ብሎ ትከሻዬን መታ አድርጎኛል።

«እሺ፣ እኔ ብቃወም ኖሮስ?»

«አበልጅ» አለ፣ በርጩማ እየሳበልኝ፣ «እንደማይቃወሙኝ አውቄ አይደል እኔው ያቀረብኩት? ነጋዴው በራሱ አፍ ቢናገር ኖሮ አንቱ ስብሰባውን ሁሉ ያስነሡበት ነበር።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ፈረሱ አስቦበት፣ ልኬን ወስዶ ይጥላል ብሎ ግን የነገረኝ የለም። በጣም ተናደድኩ፣ ከንዴቱም ይልቅ አፈርኩ። በርጩማው ላይ ሳልቀመጥ ወጣሁ።

በውድድሩ ቀን ገንዘብ ያለው ሁሉ ሲሊንደሩን አስፍቶ መጥቶ ነበርና ሰባተኛ ወጣሁ። አበልጄ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ከሰው ሁሉ አስበልጦ አጨበጨበልኝ፤ እኔም ሰው ፊት ስለነበርን ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁት።