በወይራ የታጠነው የጎርፍ እንጨት

ቆቦ፣ አውራ ጎዳናው ዳር አዲስ በተከፈተው ሆቴል መግቢያ ላይ የመስታወት የዓሣ ሣጥን አለ። ውስጡ ጠማማ ግንድ አስተኝተውበታል፤ ውኃው ሻይ መስሏል። አስተናጋጁን «ይሄ እንጨት አልተቀቀለም» አልኩት። «እማማ ደግሞ! እንጨት ይቀቀላል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ይቀቀላል። እኔ ቀቅያለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። የሳይንስ አስተማሪያችን ከመስኮት መስታወት የዓሣ ሣጥን ሠራ። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አልለውም። ከአውራጃው የሚመጡ እንግዶች ከወደዱት ሣጥኑ ደሴ ለኤግዚቢሽን ይሄዳል፤ የምትንከባከበው ተማሪም አብራ ትሄዳለች። ያቺ ተማሪ እኔ ነበርኩ። ከቆቦ ወዲያ የማውቀው ዋጃንና ሮቢትን ብቻ ነበር። ደሴ፣ ደሴ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ጎርፍ ከተራራው ያወረደውን የቁርቁራ ሥር ወንዙ አሸዋ ላይ አገኘሁ፤ ለዓሦቹ መሸሸጊያ ይሆናል አልኩ። ልጣጩን በቢላ ፋቅሁ፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባውን ጭቃ በሽቦ ብሩሽ አወጣሁ። በግማሽ በርሜል ጥጄ ቀቀልኩት፤ ውኃው ሲጠቁር እየደፋሁ፣ ጥርት እስኪል ድረስ እንደገና። እጄ ተላጠ። ከዚያ ድንጋይ ጭኜ ዘፈዘፍኩት። መንሳፈፉን ትቶ ሲሰጥም አስተማሪው «አንቺ ልጅ፣ እኔንም በለጥሽኝ» አለኝ። የከሰዓት ፀሐይ በመስታወቱ ሲገባ፣ እንጨቱ ሥር የሚሽሎከሎኩት የወንዝ ዓሦች ጎናቸው ብልጭ ይል ነበር።

እንግዶቹ በሚመጡበት ዋዜማ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ክፍሉን ልታሰናዳ መጣች።

«ምንድን ነው እንዲህ ረግረግ ረግረግ የሚሸተው?»

«እትዬ፣ የዓሣ ውኃ እኮ...»

«ጓድ በይ! የምን እትዬ ነው?»

አስወጣችኝ። በመስኮት ሳይ እንጨቱን አውጥታ፣ እንደ ወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ታጥነዋለች። ንጽሕና መሆኑ ነው። «ይሞታሉ!» ብዬ ጮህኩ።

«ዞር በይ! ቅል እንኳ አጥነሽ የማታውቂ!» አለችና እንጨቱን መልሳ ከተተችው።

ጠዋት ውኃው ላይ ቅባት መሳይ ነገር ተንጣልሏል፤ ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። እንግዶቹ ደርሰዋል። ሊቀመንበሯ ዓይኗን በጨው አጥባ «ልጅቱ በደንብ ሳትቀቅለው ነው» አለች።

«ቲቸር፣ እንጨቱን ያሽቱት» አልኩ።

አሸተተ። ማወቁን ፊቱ ላይ አየሁ። እሷን አየ፣ እንግዶቹን አየ። ከዚያ ራሴን ደባበሰና «ልጅ ናት፤ ይቅር በሏት» አለ።

ይቅር በሏት! ሴትየዋስ ከጭስ በቀር ሌላ አታውቅም፤ እሱ ግን ያውቅ ነበር። «ጊዜው ነው፣ ምን ያድርግ?» የሚሉኝ አሉ። በዚያው ጊዜ እኔ ልጅቷ ተናግሬያለሁ።

ደሴ የሄደው የሌላ ክፍል የካርታ ሥራ ሆነ። መኪናው ሲነሣ ልጆቹ ሲዘፍኑ፣ አጥሩ ሥር ቆሜ ድምፃቸው እስኪጠፋ ሰማሁ።

አስተማሪው ያረፈ ጊዜ ለቅሶ ደረስኩ። ከሴቶቹ መሃል ተቀምጬ እንባዬ ሳላስበው ወረደ። «እንዴት ብትወደው ነው!» ተባባሉ። ግማሹ ለደሴ ነበር። የቀረው ለማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።