የሃዎ የሊትር ዋጋ

ሃዎ ከጀልዴሳ ገጠር ወተት እያመጣች ስትሸጥ ኖራ፣ ኋላ ከተማው ገበያ፣ መጋላ ውስጥ ትንሽ ሱቅ የከፈተች ሴት ናት። አላፊውን ሁሉ በስሙ እየጠራች፣ እየቀለደች ነው የምትሸጠው። ዘንድሮ ግን የምትጠራቸው ደንበኞች አንገታቸውን ደፍተው እያለፉ፣ ፊት ለፊቷ ወደ ተከፈተው የጦልሃ ሱቅ መግባት ጀመሩ።

ምክንያቱ ዘይት ነበር። የእሷ ቢጫ ጀሪካን አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ነው፤ የጦልሃ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስድሳ። ዘይት ሊገዛ የገባ ሰው ስኳሩንም ፓስታውንም እዚያው ይዞ ይወጣል። ነገሩ በዚህ ከቀጠለ ሱቁን መዝጋቷ እንደማይቀር ሃዎ አላጣችውም።

«አንቺማ ወርቅ ነው የምትሸጪው!» አለቻት ጎረቤቷ ማዘንጊያ፣ የጦልሃን ጀሪካን አንጠልጥላ ስታልፍ።

«እስቲ አሳዪኝ አቦ!»

ሃዎ ጀሪካኑን ተቀብላ ከራሷ ጀሪካን አጠገብ አቆመችው። ቁመቱም ቀለሙም ያው ነው። አገላብጣ ስታየው ግን ከታች በደቃቅ ፊደል «አራት ሊትር» ይላል። የእሷ አምስት ነው። ሰፈሩ ቢጫ ጀሪካን ሁሉ አምስት ሊትር ይመስለዋልና ጽሑፉን ያየ አልነበረም።

ሃዎ ካርቶን ቀደደች። «ዘይት፣ አንዱ ሊትር ሦስት መቶ ብር» ብላ በትልቁ ጻፈች። እልህ ይዟት የሩዙንና የስኳሩንም ዋጋ በኪሎ በኪሎ አክላ በሯ ላይ ሰቀለችው።

ጦልሃ ከወዲያ ሆኖ ሳቀ። «ሃዎ፣ ትምህርት ቤት ከፈትሽ እንዴ?»

«አዎ፣ ና ተመዝገብ! ያንተ ሊትሩ ስንት ነው?»

ጦልሃ አንድ ጀሪካን አንስቶ ያገላብጥ ጀመር። አስቦት አያውቅም። ማዘንጊያ በጣቷ ስታሰላ ቆይታ ቀደመችው።

«ሦስት መቶ አርባ! ዋሪያ ጦልሃ፣ ያሞኘኸኝ አንተ ነህ ወይስ ጀሪካኑ?»

«ወላሂ፣ እኔንም ነው ያሞኘኝ!»

ዘይት ገዢው ወደ ሃዎ ተመለሰ። ጦልሃም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ የራሱን ካርቶን ጽፎ ሰቀለ። አሁን ሸማቹ መንገዱ መሃል ቆሞ ሁለቱንም ሳያነብ አይገባም።

አንድ ጠዋት ማዘንጊያ ዘይቷን ከሃዎ ገዝታ ወደ ማዶ መሻገር ጀመረች።

«ማዙ! ወዴት ነው?»

«ሩዝ ጦልሃ ጋ በኪሎ አሥር ብር ይቀንሳል። ማንበብ ያስለመድሽኝ አንቺ ነሽ!»

ሃዎ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ካርቶኑን አውርዳ የሩዙን ዋጋ ሰረዘች፤ ከጦልሃ በሁለት ብር አሳንሳ ጻፈችና ለማዘንጊያ ከፍ አድርጋ አሳየቻት።

ማዘንጊያ አንብባ አልተመለሰችም። መሃል መንገድ ላይ ቆማ ፊቷን ወደ ማዶ አዞረች።

«ጦልሃ፣ አንተስ?»