ቁልቁለት ላይ የሚጠፋው ሞተር

ሲሬ ላይ የሐጂ ቃሶ ገለባ ቤት ሲከፈት የቤንዚንና የዶሮ ኩስ ሽታ ተቀላቅሎ መጣብኝና፣ እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴትዮ፣ ልቤ ድው ድው አለ። ከአሰላ የመጣሁት የአባቴ ሞተር ሳይክል መንታ እዚህ አለ ተብዬ ነው። ገዝቼ፣ ጋራዦች እንደሚሉት ለእርድ አቅርቤ፣ ዕቃውን ፈታትቼ፣ አባባ ከሞተ ጀምሮ ግቢያችን ውስጥ የቆመውን ላስነሳበት። ኮርቻው ላይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። ካርቡራተሩ ግን አለ! ለአባባ ሞተር ዓመታት የፈለግኩት ካርቡራተር! በደስታ ስጮህ ዶሮዋ ደንግጣ በረረች።

አባባ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። ሰኞ ወደ ጮሌ ገጠር ይወጣና ቅዳሜ ጭቃ ለብሶ፣ መድኃኒት መድኃኒት እየሸተተ፣ አንዳንዴም አንገቷ ከጆንያ ብቅ ያለ የስጦታ ዶሮ ጭኖ ይመለሳል። ቆጣቢ ስለነበር ቁልቁለት ካገኘ ሞተሩን ያጠፋል፤ «ቁልቁለት የእግዜር ቤንዚን ነው» ይል ነበር። ቤታችን ከቁልቁለቱ ግርጌ ነውና እኛ ልጆች መምጣቱን የምናውቀው ድምፁ ሲጠፋ ነው፤ ከላይ ዱክ ዱክ ሲል ይቆይና ድንገት ዝም፣ ያኔ የያዝነውን ሁሉ ጥለን እየተጋፋን በሩን ልንከፍት እንሮጣለን። መሮጡ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ ፍሬኑ አይታመንም። አንድ ቅዳሜ ዘግይተንበት ከነዶሮው የቆርቆሮውን በር ጥሶ ገብቷል።

ሐጂ ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት ለምን እንደምፈልገው ጠየቁኝ። መዋሸት አቃተኝ።

«ልጄ፣ ያረሰልኝን በሬ ለእርድ አልሸጥም፣ ወላሂ! የምትነጂው ከሆነ ግን ውሰጂው።»

ጭንቅ ነው። ይሄ ካልታረደ የአባቴ አይነሳም፤ ይሄን ከነዳሁ ደግሞ የአባቴ እንደቆመ ዝጎ ያልቃል። እኔ ስወዛገብ እሳቸው ቤንዚን ጨምረው፣ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ በሽርጣቸው ጫፍ ጠራርገው «ርገጪው» አሉኝ። ረገጥኩ፣ ረገጥኩ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ደግሜ ረገጥኩ። ዱክ ዱክ ዱክ! ራሱ ነው፣ የቅዳሜው ድምፅ! እየሳቅኩ እንባዬ ወረደ፤ ሐጂም ሽማግሌነታቸውን ረስተው አጨበጨቡ።

እዚያው ወሰንኩ። የሳቸውን ልነዳው ገዛሁ፤ የታረደው የአባቴ ሆነ። መሪውን፣ ኮርቻውንና የፊት መብራቱን ወደ አዲሱ አዛወርኩ፤ ፍሬኑን ግን ለዝገቱ ተውኩለት።

ባለፈው ቅዳሜ ቁልቁለቱ አናት ላይ ወጣሁና ሞተሩን አጠፋሁ። ነፋሱ ጆሮዬ ላይ እያፏጨ፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ሳልል፣ እንደ ልጅ እየጮህኩ ወረድኩ። ከታች በሩ ዝግ ነበር። ፍሬኔ ደህና ነውና ቀስ ብዬ ቆምኩ፤ ወርጄም ራሴ ከፈትኩት።