ከበረዶ አገር የመጡት እማማ ኒና

ነገሩ የሆነው በ2001 ዓ.ም. የጥምቀት ዕለት፣ ጅቡቲ ከተማ ነው። ዛሬም ጥር በገባ ቁጥር ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

ያኔ ሀራሙስ ሰፈር አንድ የሩሲያ ቤተሰብ ጋ ተቀጥሬ እዚያው እኖር ነበር። የባልየው እናት፣ እማማ ኒና፣ ብርድ ሸሽተው ልጃቸው ዘንድ መጥተዋል። አገራቸው ያኩትያ ይባላል፤ ሳይቤሪያ ውስጥ ነው። እሳቸው ሲያወሩ ምራታቸው ማዳም በፈረንሳይኛ ትነግረኛለች። ወርቅና አልማዝ የሚወጣበት አገር ነው። ድሮ ነገሥታቱ የጠሉትን ሰው አግዘው የሚልኩት እዚያ ነበር፤ የእማማም አያት በግዞት ሄደው፣ የአገሬውን ሴት አግብተው ቀሩ። ብርዱ ሲበረታ ሌና የሚባለው ትልቁ ወንዝ ይጋገርና የከባድ መኪና መንገድ ይሆናል። ገበያ ላይ ወተት እንደ ሳሙና ደርቆ በቁራጭ ይሸጣል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

"እማማ፣ የወደቡ ሹፌሮች እንኳ እንዲህ አይዋሹም" ስላቸው፣ ማዳም ስትተረጉምላቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ለጥምቀት ቤተ ክርስቲያን ልሂድ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። ማዳምና ባሏ ግን በዋዜማው ታጁራ ከተማ ሊሄዱ ነው። "እናታችንን ብቻቸውን ጥለሽ የትም አትሄጂም" አለችኝ። በሰው አገር የቀረችኝ ደስታ ያቺ በዓል ነበረች። ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በጥምቀት ዕለት ጎህ ሲቀድ ሻይ ይዤ ብገባ አልጋቸው ባዶ ነው። ጓዳውንም ግቢውንም አየሁ፤ የሉም። ሶማሌው ዘበኛ "አሮጊቷ ፎጣ ይዘው ወደ ባሕሩ ወረዱ" አለኝ። ነፍሴን ሳላውቅ ሮጥኩ።

እማማ በሌሊት ልብሳቸው ባሕሩ ውስጥ ናቸው። ብቅ አሉና መልሰው ጠለቁ። ሰጠሙ ብዬ እየጮህኩ ከነልብሴ ገባሁ፤ ብብታቸውን ይዤ ወደ ዳር ጎተትኳቸው። እሳቸው ይታገላሉ፣ እኔ እጎትታለሁ።

"እማማ፣ በእመቤቴ! ለልጅዎ ምን ብዬ ልመልስለት?"

ዳር ስንደርስ ቆጣ ብለው ሁለት ጣት አሳዩኝ፤ ከዚያ ሦስተኛውን ቀሰሩ። ወደ ሰማይ አመለከቱና አማተቡ። ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ ጥምቀት የእሳቸውም በዓል ነው! በአብ፣ በወልድ ብለው ሁለቴ ጠልቀው፣ መንፈስ ቅዱስ ላይ ሲደርሱ ነው ጎትቼ ያወጣኋቸው።

አልተቀየሙኝም። እጄን ይዘው መልሰው አስገቡኝና ሦስተኛውን አብረን ጠለቅን። ስወጣ እልልታዬን አቀለጥኩት። ዘበኛው ሁለታችንም ያበድን መስሎት ከአጥሩ ሥር ቆሞ ያየናል።

ማታ ማዳም ስትመለስ ነገሩን አስረዳችኝ። በአገራቸው በዚህ ቀን የወንዙን በረዶ በመስቀል ቅርጽ ቆርጠው ነው የሚጠመቁት። "የዚህን አገር ባሕር ግን ሻይ ነው እያሉ ነው" ብላ ሳቀች።

እማማ ኒና አገራቸው ከተመለሱ ቆዩ። ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፤ እወዳቸዋለሁ። እኔም አገሬ ገብቼ በዓሉን ከወገኔ ጋር አከብራለሁ። ጸበሉ ሲረጭብኝ ግን እጄ ሳላስበው ወደ ጎን ይዘረጋል፤ እሳቸውን ይፈልጋል።